ዕንባው ሲደርቅ ጸሎት ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ ነርሷ ከዶሃ

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ጥያቄዬ ስለ ግል ጸሎት ነው። ለሥራ ወደ ዶሃ ከመጣሁ ወዲህ፣ በአገር ቤት ሳለሁ እናቴ ስትደግመው ከመስማት በቀር በእጄ ይዤው የማላውቀውን ዳዊት በየዕለቱ መድገም ጀምሬአለሁ። ሰኞ ከመጀመሪያው እስከ 30ኛው፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያልሁ ቅዳሜ 150ውን እፈጽማለሁ፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትንና መኃልየ መኃልይን አደርሳለሁ። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እጨምርና በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብዬ እዘጋለሁ። ነርስ ስለሆንሁ ተረኛ የምሆንበት ሰዓት ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ጸሎቱ አንዳንዴ ከንጋት በፊት፣ አንዳንዴም ከሌሊት ሥራ ተመልሼ ሌሎቹ ሲነሡ ይሆናል እንጂ አይታጎልም።

በመጀመሪያው ዘመን ጸሎቴ ሁሉ በልቅሶ ነበር። የምደግምበት ዳዊት እናቴ ስሸኝ የሰጠችኝ የራሷ ዳዊት ነው፤ ማኅደሩ ላልቷል፣ የ50ኛው መዝሙር ገጽም ጠርዙ ከአውራ ጣቷ ብዛት ጠቁሯል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከዚያ ገጽ ስደርስ ገና «ተሣሃለኒ እግዚኦ» ስል ዕንባዬ ይቀድመኝ ነበር፤ ከጸሎት ስነሣ ደረቴ ይቀለኛል፣ በሥራ ላይም የሚቆጣኝን ሰው ሳይቀር በርኅራኄ አየው ነበር። አሁን ግን ዕንባው ከቆመ ቆይቷል። ልቤ አይሞቅም፣ ከጸሎትም ስነሣ እንደገባሁ እወጣለሁ። በአንጻሩ ግን ቀድሞ በልቅሶ አልፌአቸው የምሄዳቸው ቃላት አሁን ያስቆሙኛል። «ልበ ንጹሐ ፍጥር ሊተ» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ንጹሕ ልብ ይሰጠኝ ብዬ የምለምን ከሆነ ከማን ጋር ልታረቅ፣ የትኛውን ንግግሬን ልተው፣ የትኛውን ገንዘብ ልመልስ እያልሁ አስባለሁ፤ የማገኘውም መልስ ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

አብራኝ የምትኖር እህት ደግሞ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። ሱባኤ ትይዛለች፣ ሕልም ታያለች፣ ያየችውንም ለሰው ትነግራለች፤ የነገረችው ደረሰ እየተባለም ብዙዎች ይጠይቋታል። በቅንነቷ አልጠራጠርም። እርሷ የእኔን መድረቅ የጸጋ መራቅ ነው ትለዋለች፤ ጾሙን አጥብቄ ስግደቱንም አብዝቼ የቀድሞውን እስካገኝ ድረስ እንድታገል ትመክረኛለች። የንስሐ አባቴ አገር ቤት ስለሆኑ በስልክም ቢሆን የማገኛቸው አልፎ አልፎ ነው።

እንግዲህ፣ በእርግጥ ወደ ኋላ ተመልሼ ይሆን? የቀድሞውን ዕንባ መፈለግስ ይገባኛል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው በጸሎት ውስጥ «ዐወቅሁ» የሚለውን ነገር የራሱ ሐሳብ ከፈጠረለት ነገር በምን ይለየዋል?


መልስ፦ የመጽሐፍ ቤት ተማሪ የነበረ

ጤና ይስጥልኝ እህታችን። በአብነት ትምህርት ቤት የመነኮሳትን መጻሕፍት ከመምህር ሥር ተቀምጠው ከሰሙት አንዱ ስለሆንሁ፣ ከዚያ የያዝሁትን ላካፍልዎ። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት ሦስቱ መጻሕፍት እርስዎ ያነሡትን ጉዳይ ዋና ነገራቸው ያደረጉ ናቸው፤ ለገዳማውያን ቢጻፉም፣ በየቤቱ ለሚጸልይ ሰው የሚሆን ብዙ ምክር አላቸው።

መምህራኑ የመንፈሳዊውን ጉዞ በሦስት ንጽሕና ከፍለው ዐሥር መዓርጋት ይቆጥሩለታል። በንጽሐ ሥጋ ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ አሉ፤ በንጽሐ ነፍስ አንብዕ፣ ኩነኔ፣ ፍቅርና ሑሰት ይከተላሉ፤ የቀሩት ሦስቱ የንጽሐ ልቡና ስለሆኑ የእነርሱን ነገር ለደረሱበት እንተወው። ከዚህ ውስጥ እርስዎን የሚመለከተው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ጽማዌ ይመጣል፤ ይኸውም አንደበትን ብቻ ሳይሆን ወዲያና ወዲህ የሚባክነውን ሕሊና ጭምር ጸጥ ማሰኘት ነው። ከዚያ ልባዌ አለ፤ የሚጸልዩትን ማስተዋል ማለት ነው። የጸሎቱ ቃል ከአፍ አልፎ ለልብ የሚጣፍጥበት ጣዕመ ዝማሬ ሦስተኛ ሲሆን፣ አንብዕ የሚባለው ዕንባ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ አራተኛ ሆኖ ተቀምጧል።

አሁን የጻፉልንን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ቀድሞ ቃሉን ሳያስተውሉ ያለቅሱ ነበር፤ አሁን ሳያለቅሱ ያስተውላሉ። በመምህራኑ ሥርዐት ሁለተኛው ከፊተኛው ወደ ኋላ የቀረ አይደለም፤ ይልቁንም ሕንጻው ከመሠረቱ መሠራት የጀመረው አሁን ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ዕንባ ሐሰት ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በሰው አገር ሆና የእናቷን ዳዊት የያዘች ሴት ልቅሶ ውስጥ ናፍቆትም፣ ድካምም፣ ብቸኝነትም ይገባል። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ እግዚአብሔርም ይህን ሁሉ ተቀብሎ ለጸሎት መጥሪያ ያደርገዋል። የአንብዕ መዓርግ የሚባለው ግን ከሌላ ምንጭ ነው፤ ኃጢአትን ከማወቅና ምሕረትን ከማየት ይወጣልና፣ ለዚያ የሚያበቃው ደግሞ «ከማን ጋር ልታረቅ፣ የትኛውን ገንዘብ ልመልስ» የሚለው፣ እርስዎ ደስ የማያሰኝ ያሉት ምርመራ ነው።

በመካከል አንድ ነገር ላንሣ፤ ያሉበት አገር ስላስታወሰኝ ነው። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዘመን የተወለደው ቤት ቀጠራዬ በሚባለው ምድር ነበር፤ ይህም ዛሬ ቀጠር የምንላትን አገርና አካባቢዋን የሚያጠቃልል፣ በዚያን ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖችና ገዳማት የነበሩበት የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ነው። ለነነዌ ኤጲስ ቆጶስነት ተሹሞ አምስት ወር ብቻ ከቆየ በኋላ ሹመቱን ትቶ በፋርስ ባሉት በኩዚስታን ተራሮች ወደሚኖሩ መናንያን ሄደ፤ ንባብ ከማብዛቱ የተነሣም ዓይኑ እንደጠፋ ይነገራል። ፊልክስዩስ የምንለውም፣ መነኮሳት የሚጠይቁበትና አረጋውያን የሚመልሱበት መጽሐፍ፣ ስሙ በሶርያ ያለችውን የመንቡግን ጳጳስ ፊሎክሴኖስን የሚያስታውስ ቢሆንም፣ መሠረቱ ዳዲሾ ቀጠራዊ የተባለ የዚያው ምድር መነኩሴ የጻፈው ትርጓሜ መሆኑን ሊቃውንት መርምረው ያሳዩት ነገር ነው። መጻሕፍቱ በሱርስት፣ ማለት በጥንቱ የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ፣ ተጽፈው፣ ወደ ዐረብኛ ተመልሰው፣ ከዐረብኛም ወደ ግዕዝ ገብተው በመጽሐፍ ቤቶቻችን አንድምታ (ትርጓሜ) ተሠራላቸው። እርስዎ ከሌሊት ሥራ ተመልሰው ዳዊት የሚደግሙበት አገር፣ የገዳሞቻችን መምህራን የሆኑት አባቶች የተወለዱበት ነውና፣ ጸሎት የማያውቅ ባዕድ ምድር ላይ እንዳሉ አይቁጠሩት።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ልመለስ። ማር ይስሐቅ የራሱን ኃጢአት የሚያይ ሰው በጸሎቱ ሙት ከሚያስነሣ ይበልጣል፣ ራሱን ለማየት የበቃም መላእክትን ለማየት ከበቃ ይበልጣል ብሎ ያስተምራል። ይህን ቃል እንደ ትሕትና ንግግር ብቻ ባንወስደው መልካም ነው፤ የመለያ መንገድ ያሳያልና። የሰው ሐሳብ ደስታን፣ ብርሃንን፣ ድምፅን፣ የነገውን ነገር ለመሥራት አይሰንፍም፤ የተመኘውን ያያልና። የራስን ጉድለት ከነዝርዝሩ ማየትን ግን ሐሳብ በራሱ ፈቃድ አይሠራም፤ ምንም የሚያተርፈው የለምና። ስለዚህ ከጸሎት የተነሣ ዕውቀት ባለቤቱን ከፍ ሲያደርገው ይመርመር፤ ዕዳውን ሲያሳየው ደግሞ በአብዛኛው ይታመን ባይ ነኝ።


መልስ፦ እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድማችን መልካም ተናግረዋል፤ ስለ ዕንባ ያሉት ግን ጥቂት ይስተካከል ዘንድ እወዳለሁ። ማር ይስሐቅን ከጠሩ አይቀር፣ ይኸው አባት የውስጠኛው ሰው ፍሬ የሚጀምረው ከዕንባ ነው፣ ዕንባም በሥጋዊውና በመንፈሳዊው ሥርዐት መካከል ያለ ወሰን ነው ብሎ እንደሚያስተምር መዘንጋት የለበትም። የጀማሪን ልቅሶ ናፍቆትና ድካም ነው ብለን ከለየነው፣ ነገ ያቺ ልጅ እንደገና ብታለቅስ ዕንባዋን እየጠረገች «ይህ ከየትኛው ነው?» ስትል ጸሎቷን ልትተው ነው። ሰው ሲያለቅስ ከምን እንደሚያለቅስ በሚዛን የሚለይ ማን ነው? ጌታ በእግሩ ላይ ያለቀሰችውን ሴት ዕንባዋ ምን ያህሉ ከኀፍረት፣ ምን ያህሉ ከፍቅር እንደሆነ አልጠየቃትም፤ ተቀበላት።

እንደ እኔ ግን ጭንቀትሽ ያለው ከዕንባው ላይ ሳይሆን ከመለካቱ ላይ ነው። አብራሽ ያለችው እህት በሕልሟ ትለካለች፣ አንቺ በዕንባሽ፣ ወንድማችንም በማስተዋልሽ እንድትለኪ ሊያስተምሩሽ ነው፤ ሦስታችሁም የራሳችሁን ልብ እየጎበኛችሁ ነው። እኔ በዚህ በአሜሪካ ልጆች ሳሳድግ፣ በአረጋውያን እንክብካቤ ስሠራ በኖርሁባቸው ዓመታት የረዳኝ ቅዳሜ ከሚደርሰው ከ138ኛው መዝሙር ያገኘሁት ነው፤ «አቤቱ፥ መረመርኸኝ፥ አወቅኸኝም» ይላል። ዳዊት ስለ ውስጣዊ ዕውቀት ሲናገር የጀመረው እርሱ እግዚአብሔርን በማወቁ ሳይሆን በእግዚአብሔር በመታወቁ ነው። መቀመጤንና መነሣቴን፣ ሐሳቤንም ከሩቅ ካወቀው፣ ዛሬ የደረቅሁ መሆኔን ከእኔ ይልቅ ያውቃል ማለት ነው፤ የማላውቀውን ምክንያትም ያውቃል። ሰው በዚህ ሲያርፍ ጸሎቱን ከመቆጣጠር ይተርፋል። እኔ ዕንባ ሲመጣ አለቅሳለሁ፣ ሳይመጣ ሲቀር የዕለቱን አድርሼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ሁለቱም ከደጁ መቆም ነው።

እናትሽ ያንን የ50ኛውን መዝሙር ገጽ ያጠቆሩት ሁልጊዜ እያለቀሱ ይመስልሻል? ወላጅ ሲሞት፣ ልጅ ሲወለድ፣ እህል ሲታጣ፣ ምንም ነገር ሳይኖርም በደረቅ ዓይን፣ ወጡን ጥደው ወደ ዳዊቱ እየተመላለሱ የያዙት ገጽ ነው። በሕይወት ካሉ ጠይቂያቸው፤ ከእኔና ከመጻሕፍቱ ይልቅ እርሳቸው ሊነግሩሽ ይችላሉ።


መልስ፦ የደሴ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጥያቄው ስለ ዳዊትና ስለ ውዳሴ ማርያም በመሆኑ እጄን ማስገባቴ ድፍረት እንዳይሆን ፈርቼ ነበር። ነገር ግን ያደግሁት የወሎ ሸኾች ባሉበት ቤት ስለሆነ፣ እህታችን የጠየቁት ነገር ደረሳዎች (የሸኽ ተማሪዎች) ከአያቴ ፊት ተቀምጠው ሲጠይቁት የሰማሁት ሆኖ አገኘሁት። አያቴ ከፈጅር ሰላት በኋላ ፀሐይ እስክትወጣ ተስቢሑን (መቁጠሪያውን) ይዞ ከሰገደበት ሳይነሣ ዚክር ያደርግ፣ ማለት የአላህን ስም ያወሳ ነበር። በዚያ ሰዓት የቤቱ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ ከኋላው የሚሰማው የተስቢሑ ፍሬ አንዱ ባንዱ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው።

የተሰውፍ፣ ማለት የሱፊዎች መንፈሳዊ መንገድ፣ ሊቃውንት «ሓል» እና «መቃም» የሚሏቸውን ሁለት ነገሮች ይለያሉ። በ11ኛው መቶ ዘመን የኖሩት ኢማም አልቁሸይሪ ሓል ስጦታ ነው፣ መቃም ግን በትግል የሚገኝ ነው ብለው አስቀምጠዋል። ሓል ደስታው፣ ሐዘኑ፣ ናፍቆቱ፣ ልቅሶው ነው፤ አላህ ሲሻ ይሰጠዋል፣ ሲሻ ያነሣዋል፣ ባሪያው ሊያቆየው አይችልም። መቃም ደግሞ እንደ ተውባ (ንስሐ)፣ ሰብር (ትዕግሥት) እና ተወኩል (በአላህ መመካት) ያለው ነው፤ ሰው ሥራውን እየሠራ የሚቆምበት፣ ከቆመበትም በቀላሉ የማይነቀልበት ስፍራ ነው። በእኛ አገር አነጋገር ብነግራችሁ፣ ሓል እንደ በልግ ዝናብ ነው፤ በመጣበት ዓመት ምድሩን ሁሉ ያለመልማል፣ ገበሬ ግን በልግ ይመጣልኛል ብሎ ቤቱን አያስተዳድርም። እህታችን ዕንባቸው ሲሄድ የሄደው ሓሉ ነው፤ ከሌሊት ሥራ ተመልሰው ሳያጓድሉ መቀመጣቸው፣ የሰውንም ሐቅ ስለመመለስ ማሰባቸው ግን ወደ መቃም የሚወስድ ነው። በእኛ ዘንድ ሓልን ማሳደድ ራሱ እንደ ደዌ ይታያል፤ ሙሪዱ (የመንገዱ ተማሪ) ከሰጪው ይልቅ ስጦታውን ወደደ ይባላልና።

ስለ ሕልሙ የማውቀውን ልጨምር። አንድ ደረሳ ታላቅ ሕልም አይቻለሁ ብሎ ለአያቴ ሊነግረው መጣ። አያቴ ሕልሙን ከመስማቱ በፊት ለአንድ የገበያ ነጋዴ ያለበትን ዕዳ ከፍሎ እንዲመለስ ነገረው፤ ደረሳው ዕዳ እንዳለበት እንዴት እንዳወቀ ሰዎች ሲደነቁ፣ ነጋዴው ራሱ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነግሮኛል ብሎ መለሰ። ያ ደረሳ ከፍሎ ሲመለስ ሕልሙ ተረስቶ ስለ ሌላ ነገር ሲነጋገሩ ዋሉ። ሕልሙ ምን እንደነበር እኔም አላወቅሁም።

ኢማም አልገዛሊም በዚህ ጉዳይ ምስክር ናቸው። በባግዳድ ትልቁን የማስተማር ወንበር ይዘው፣ ስማቸው በየአገሩ ሲጠራ ሳለ፣ የሚያስተምሩት ለአላህ ሳይሆን ለዝና መሆኑን ከውስጣቸው አዩ። ምላሳቸው ተያዘ፣ አንዲት ቃል ማስተማር አቃታቸው፣ ምግብም አልወርድ አላቸው፤ በ1095 ወንበሩን ትተው ወደ ሶርያና ወደ ቁድስ (ኢየሩሳሌም) ሄዱ፣ ከዓመታት ኸልዋ (ለብቻ ተለይቶ መቆየት) በኋላ ነው እንደገና ወደ ማስተማር የተመለሱት። ትልቁ ዕውቀት የተከፈተላቸው በዚያ መንገድ ሲሆን፣ የጀመረውም ከራሳቸው ሪያእ (ለሰው ይታይልኝ ማለት) ጋር በመተያየት ነበር። ወንድማችን ከማር ይስሐቅ ያመጡት፣ ራስን ማየት ይበልጣል የሚለው፣ ለእኔ ከዚህ ጋር ቅርብ ሆኖ ታይቶኛል። መንገዶቻችን አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ እናንተም እንዲህ አትሉም። ግን ነፍስ የምታታልልበት መንገድ በሁላችንም ቤት ይመሳሰላል።


ጥያቄ፦ ነርሷ ከዶሃ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ወንድማችን ከደሴ፣ ድፍረት አይደለምና እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናቴን ደውዬ ጠየቅኋት። ጥያቄው ብዙም አልገባትም። ስትደግሚ ታለቅሻለሽ ወይ ብላት፣ «አንዳንዴ» አለችኝ፤ ዕንባ በማይመጣበት ቀንስ ምን ታደርጊያለሽ ብላት፣ «ማክሰኞ ከሆነ እደግመዋለሁ፤ ምን ላደርግ ነበር?» ብላ ስለ ጤናዬ መጠየቅ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ከእርሷ ጋር ለመቀጠል አልቻልሁም፤ ነገር ግን ብዙ ነገር ቀሎኛል።

የቀረኝ ተግባራዊው ነው። ዐቢይ ጾም ሲመጣ 55 ቀኑን እንደ አገር ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብዬ እነሣለሁ፤ የ12 ሰዓት ሥራ ግን፣ በተለይ የሌሊቱ፣ የእኔን ድካም በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሊያደርገው ይችላል፤ መድኃኒት የምለካ ሰው ነኝና። ዳዊቱም እንዲሁ ነው፤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት ንጉሥ (አንዱ ንጉሥ ዐሥር መዝሙር ነው) ስለሚደርስ፣ ለመጨረስ ስቸኩል ያ የማስተዋሉ ነገር ይጠፋል። ከሁለቱ የትኛውን ልያዝ? አብራኝ ላለችው እህትስ ምን ልበላት?


መልስ፦ የመጽሐፍ ቤት ተማሪ የነበረ

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናታችን ስለ ዕንባ ያሉትን እቀበላለሁ። የእኔ ቃል ዕንባን ለመለየት እንጂ ለመናቅ አልነበረም፤ ሲመጣ በምስጋና መቀበል ይገባል። ስለ ማስተዋሉ ግን እንደ መለኪያ አላቀረብሁትም፤ ልባዌ ሰው ስለ ራሱ የሚያመጣው ፍርድ ሳይሆን ለሚጸልየው ቃል የሚሰጠው ትኩረት ነውና፣ በዚህ ጉዳይ ከእናታችን ጋር በሐሳብ እንደተለያየን ብንቀር አይከፋኝም።

ወደ ጥያቄዎ ልግባ። ሰኞ ሦስት ንጉሥ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብና ቅዳሜ ሁለት ሁለት እያለ 15ቱን ንጉሥ በሳምንት የሚያደርሰው ሥርዐት ጠቃሚ ነው፤ ሰው የሚወደውን መዝሙር ብቻ እየመረጠ የሚከብደውን እንዳይተው ይጠብቀዋል። ስለዚህ ክፍፍሉን አይጣሉት። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ተቀምጦ መጨረስን የሚያዝ የለም። ዳዊት ራሱ በ118ኛው መዝሙር በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ስላለ፣ አባቶቻችን ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ብለው ሰዓታቱን ሠሩ። ሰባቱን ሊጠብቁ ባይችሉ እንኳ፣ አንዱን ንጉሥ ከሥራ በፊት፣ ሁለተኛውን በዕረፍት ሰዓት፣ ሦስተኛውን ከመኝታ በፊት ቢያደርሱት ጥድፊያው ይቀራል። ከአሥሩ መዝሙር ያስቆመዎትን አንድ ቃል ይዘው ወደ ታማሚው ክፍል ቢገቡ፣ ቃሉ ከመጽሐፉ ውጭም አብሮዎት ይውላል። ሥራው ከባድ በሆነበት ቀን አንድ ንጉሥ በጸጥታ ማድረስ ሦስቱን እያሯሯጡ ከማድረስ የተሻለ ነው፤ የቀረውንም ለዕዳ አይቁጠሩት፣ የጸሎት ዕዳ የሚሰበስብ ሰው ብዙም ሳይቆይ ጸሎቱን ይሸሻል።

በጾሙ ነገር፣ ከጥሉላት መከልከሉና እስከ ምን ሰዓት መቆየቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፍስክ ምግብ መተው በየትኛውም የሥራ ሰዓት ይቻላል፤ የሰዓቱ ርዝመት ግን እንደ ሰው አቅም የሚወሰን ሲሆን፣ ውሳኔውም የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የንስሐ አባትዎ ነው። ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ ሰዓት ማሳጠር በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ነው፤ የሌላ ሰው ሕይወት በእጇ ላይ ያለች ነርስም ጉዳይዋን ለአባቷ ብትነግር እንግዳ ነገር አይሆንም። በሐኪም ቤት የሚለኩት መድኃኒት ለእርስዎ ከጸሎትዎ የተለየ አይደለም፤ በጾም ምክንያት እጅዎ ቢንቀጠቀጥ ጾሙ ወንድምን ጎዳ እንጂ ነፍስን አልጠቀመም። እንዲሁም ስግደት መጨመርን፣ ሱባኤ መያዝን፣ ቀን መቁጠርን ያለ አባት ፈቃድ አይጀምሩ። ይህን የምለው ለሕግ ስል ብቻ አይደለም፤ ሰው በራሱ ፈቃድ የጨመረውን ሁሉ በመጨረሻ ለራሱ ክብር ይቆጥረዋል፣ በታዘዘበት ግን የሚመካበት አያገኝም።

ስለ እህትዎ አይከራከሯት። በግብጽ ገዳማት ስለነበሩት አበው ከሚነገረው አንዱ እንዲህ ነው፦ ሰይጣን በብርሃን መልአክ አምሳል ለአንድ መነኩሴ ተገልጦ «እኔ ገብርኤል ነኝ፣ ወደ አንተ ተልኬአለሁ» ቢለው፣ መነኩሴው «ምናልባት የተላክኸው ወደ ሌላ ሰው እንዳይሆን ተመልከት፤ እኔ መልአክ ሊላክልኝ የሚገባኝ አይደለሁምና» ብሎ መለሰለት፣ ያም ወዲያው ጠፋ። መነኩሴው ራእዩን አልመረመረም፣ አልተከራከረም፣ ለማኅበሩም አልነገረም። ለእህትዎ ከዚህ የተሻለ የምነግርዎ የለኝም፤ ያየችውን ለጠያቂ ብዙ ሰው ከመናገሯ በፊት ለንስሐ አባቷ ትንገር፣ አባቷ ዝም በይ ካሏትም ዝም ትበል። እርስዎ ግን የእርሷ ሕልም ይድረስ አይድረስ እያሉ አይጠብቁ፤ ቢደርስም እንኳ የእርስዎን ጸሎት የሚጨምርለት ወይም የሚቀንስበት ነገር የለም።

ንስሐ አባትዎን በስልክ ሲያገኟቸው መጀመሪያ የሚነግሯቸው የዕንባውን መቆም ሳይሆን ያንን «የትኛውን ገንዘብ ልመልስ፣ ከማን ጋር ልታረቅ» ያሉትን ይሁን። ስሙን፣ መጠኑን፣ የሆነበትን ጊዜ ጭምር ጽፈው ይያዙት፤ በስልክ የሚገኘው ጊዜ አጭር ስለሆነ ሰው ከሰላምታው በኋላ ዋናውን ነገር ሳይናገር ይዘጋበታልና። የጾሙን ሰዓትም በዚያው ይጠይቋቸው፣ የሥራ ሰዓትዎን ዝርዝር ሳይደብቁ ይንገሯቸው።